ኮዱ በነፃ፣ ካርዱ በዶላር

ሐምሌ 2016 ላይ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁለት ትልልቅ ዜናዎች ሰማን። አንደኛው መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ስልጠና ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀበት ውሳኔ። አንዱ ዜና ወጣቱን «ኮድ ተማር» አለው፤ ሌላው ኮድ የሚጻፍበትን መሣሪያ አስወደደበት። ያኔ ሁለቱ ለየብቻ ተወሩ። ዛሬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላፕቶፑን ታቅፎ የተቀመጠው ልጅ ያለበትን ሁኔታ ለመረዳት ግን ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ግድ ይላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሶፍትዌር መስራት እንደ አሁኑ ቀሎ አያውቅም። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከሳሪስ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ሃይሌ ጋርመንት፣ «አፕ እሰራለሁ» የሚል ልጅ የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለንም። የክፍለ ከተማው ስም ራሱ እኮ ከቴክኖሎጂ የመጣ ነው፤ «ንፋስ ስልክ» የድሮ ሰዎች ሽቦ አልባውን የሬዲዮ ግንኙነት የጠሩበት ቃል ነው። ታዲያ የእነዚህ ልጆች ስራ ከቴሌግራም ግሩፕ አልፎ ፕሌይስቶር ሲደርስ ለምን እምብዛም አናይም? የእኛ መልስ፣ ችግሩ አሁን ኮዱ ጋር አይደለም የሚል ነው። መሰናክሉ ቦታ ቀይሯል።

መጀመሪያ የተለወጠውን እንይ። እ.ኤ.አ በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ሲመጣ «ኮድ ጻፍልኝ» ማለት ለብዙ ሰው ጨዋታ ነበር። አሁን ጨዋታ አይደለም። ጊትሃብ ኮፓይለት፣ ከርሰር፣ ክላውድ ኮድ፣ ላቨብል፣ የሪፕሊት ኤጀንት የሚባሉት የኤአይ መሣሪያዎች የጀመራችሁትን መስመር በመጨረስ ብቻ አይቆሙም። ፋይል ይከፍታሉ፣ ዳታቤዝ ያዘጋጃሉ፣ ኮዱን ያስኬዱና ስህተት ሲመጣ ራሳቸው አይተው ያርማሉ። እ.ኤ.አ በየካቲት 2025 ታዋቂው የኤአይ ተመራማሪ አንድሬ ካርፓቲ ለዚህ አሰራር «ቫይብ ኮዲንግ» የሚል ስም አወጣለት። የምትፈልጉትን በቃል እየነገራችሁ፣ ኮዱን ብዙም ሳታዩት መስራት ማለት ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ኮሊንስ የተባለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው።

ወደ ሰፈራችን እናምጣው። እንበልና ለቡ ያለ አንድ ኬክ ቤት የልደት ኬክ ማዘዣ ድረገጽ ፈለገ። ፎቶ፣ ዋጋ፣ ኬኩ የሚወሰድበት ቀን፣ ኦንላይን መክፈያ። በፊት ሁለት ሶስት ሳምንት የሚፈጅ ስራ ነበር። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ የጀመረ ልጅ አመሻሽ ላይ ለባለቤቱ ስልኩ ላይ ያሳየዋል። ልብ በሉ፣ ያሳየዋል ነው ያልነው፤ ጨርሶታል አላልንም። ወደዚህ እንመለሳለን።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ነፃ መንገድ አለ፤ እናውቀዋለን። ቪኤስ ኮድ በነፃ ነው። ኮፓይለትም እ.ኤ.አ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ነፃ አማራጭ አለው፤ ሲጀመር በወር 2,000 የኮድ ጥቆማና 50 የቻት ጥያቄ ነበር የሚፈቅደው። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ስራውን እንጀራው ያደረገ ሰው ግን 50ውን ጥያቄ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው በወር 20 ዶላር ነው፤ ከርሰርም፣ ክላውድም፣ ቻትጂፒቲም የተለመደው ወርሃዊ ክፍያቸው እዚያው አካባቢ ነው። ከሐምሌ 22ቱ ውሳኔ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 20 ዶላር 1,150 ብር አካባቢ ይመጣ ነበር። ዶላሩ 150 ብርን ካለፈ በኋላ ከ3,000 ብር በላይ ሆነ። በየወሩ።

ብሩ ብቻ ቢሆን እንኳ በቀና ነበር። ትልቁ ጣጣ 3,000 ብሩ ኪሱ ያለ ልጅም የሚከፍልበት መንገድ ማጣቱ ነው። ከኤቲኤም ብር የምናወጣበት ተራ ካርድ የውጭ ድረገጽ ላይ አይሰራም። የብሔራዊ ባንክ የ2016ቱ ማሻሻያ፣ ነዋሪዎች ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ ወይም በውጭ ምንዛሪ በሚከፈላቸው ደሞዝ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ፣ ከሒሳቡም ለውጭ አገልግሎት እንዲከፍሉ ፈቅዷል። ከበፊቱ ትልቅ ለውጥ ነው፣ መካድ አይቻልም። ገደቡን ግን አስተውሉት፤ ዶላር እንዲወጣ መጀመሪያ ዶላር መግባት አለበት። የውጭ ደንበኛ ላለው ፍሪላንሰር ተመችቶታል፤ አሜሪካ አክስት ላለችውም እንደዚያው። ደንበኛው የለቡ ኬክ ቤት የሆነ፣ ክፍያውንም በብር የሚቀበል ልጅ ግን ደጅ ነው የቆመው።

ደጅ የቆመ ሰው የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌግራም ነዋ። «ቪዛ ካርድ እንሞላለን»፣ «ፕሪሚየም አካውንት በግማሽ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ አለ? ግማሽ ዋጋ የሆነው አንዱ አካውንት ለአምስት ለስድስት ሰው ስለሚሸጥ ነው። የይለፍ ቃሉ በማታውቁት ሰው እጅ ነው። የደንበኛችሁን ኮድ የምታስገቡበት የቻት ታሪክም ለሌሎቹ ይታያል። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ኩባንያው አካውንቱን ይዘጋዋል፤ የሸጠላችሁ ሰውዬ ስልክ አያነሳም።

እዚህ ላይ ዲግሪ የሌለን ሰዎች የምናውቃት አንዲት ነገር አለች። ጊትሃብ ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጠው ጥቅል አለ፤ ጥሩ ጥቅል ነው። ለማግኘት ግን ተማሪ መሆናችሁን የሚያረጋግጥ ነገር ከትምህርት ቤታችሁ ማምጣት አለባችሁ። በዩቲዩብ የተማረ ልጅ የተማሪ መታወቂያ ከየት ያመጣል?

እሺ፣ አፑ እንደምንም ተሰራ እንበል። ስልክ ላይ ይድረስ። ፕሌይስቶር ላይ የገንቢ አካውንት ለመክፈት አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ያስፈልጋል። የአፕል ደግሞ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው፤ እሱን እንለፈው። ጉግል አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው አፑን መጀመሪያ በ12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲያስሞክር ያስገድዳል፤ በፊት 20 ሰው ነበር። 12 ሰው ማግኘት እዚህ አገር ችግር አይደለም፤ አንድ የጎረቤት ቡና ላይ ይገኛሉ። ያቺ 25 ዶላር ናት ችግሯ፤ ያው የካርድ ጥያቄ።

ስለዚህ ሰው ኤፒኬውን ቴሌግራም ላይ ይለቃል። «ይህን አውርዱና ጫኑት» በቃ። ካርድ የለም፣ ሰልፍ የለም። አሁን ግን ይህችም መንገድ ልትጠብ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ በነሐሴ 2025 ይፋ እንዳደረገው፣ ከፕሌይስቶር ውጭም ቢሆን አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ሁሉ ማንነቱ በተረጋገጠ ገንቢ የተመዘገበ መሆን አለበት። እቅዱ እ.ኤ.አ በመስከረም 2026 ከብራዚል፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሲንጋፖርና ከታይላንድ ይጀምራል፤ ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም ይሰፋል። ተቃውሞ ሲበዛበት ለተማሪዎችና ለመማሪያ ያህል ለሚሰሩ ሰዎች ለጥቂት ስልኮች ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ አካውንት እንደሚያዘጋጅ፣ አደጋውን አውቀው መጫን ለሚፈልጉ ተጠቃሚዎችም መንገድ እንደሚተው ተናግሯል። ምክንያቱ አጭበርባሪ አፖችን መከላከል ነው፤ የባንክ አፕ መስሎ በቴሌግራም የሚላክ ኤፒኬ ስንት ሰው ሊያስለቅስ እንደሚችል ስለምናውቅ ምክንያቱን አንንቀውም። ሆኖም ዱላው ሌባውንም የጀሞውን ልጅም እኩል ነው የሚያገኘው።

በብር ብቻ የሚያስኬድ መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። አለ፤ ድረገጽ ነው። 2016 ላይ ሃምስተር ኮምባትን ጣታችሁ እስኪደክም የነካካችሁ ልጆች አስታውሱ። ያ ከፕሌይስቶር የወረደ አፕ አልነበረም፤ ቴሌግራም ውስጥ የሚከፈት ድረገጽ ነው። ሚኒ አፕ የሚባለው ይኸው ነው። ቴሌብርም በሱፐርአፑ ውስጥ ሚኒ አፖችን ያስተናግዳል። ክፍያውን በብር ለመቀበል ቻፓና የመሳሰሉት አሉ። የ«ዶት ኢቲ» አድራሻ ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ይገዛል። የለቡው ኬክ ቤት ፕሌይስቶር ላይ መኖር የለበትም፤ ደንበኞቹ ቴሌግራም ላይ ናቸው። ባይሆን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ልጆች የሚወዱት የቨርሴል ነፃ እቅድ ለግል ስራ እንጂ ለንግድ አይፈቀድም፤ የሱፓቤዝ ነፃ ዳታቤዝም ለአንድ ሳምንት ካልተነካ ይቆማል። ልደት ያለው ሰው ኬክ ሊያዝ ሲገባ ገጹ ተኝቶ ያገኘዋል።

አሁን «ያሳየዋል እንጂ ጨርሶታል አላልንም» ወዳልነው እንመለስ።

የኦንላይን ክፍያ እንዴት እንደሚሰራ እንይ። ደንበኛው «ክፈል» ይላል፣ ወደ ቻፓ ገጽ ይሄዳል፣ ከፍሎ ሲጨርስ ወደ ኬክ ቤቱ ገጽ ተመልሶ «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል ያያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስራው አለቀ ይላል። አላለቀም። ትክክለኛው አሰራር የኬክ ቤቱ ሰርቨር በጓሮ በኩል ቻፓን «ይህ ክፍያ እውነት ገብቷል? ስንት ብር?» ብሎ መጠየቁ ነው፤ ቻፓ ለዚህ ማረጋገጫ መስመር አለው። በችኮላ የተሰራ ገጽ ግን ሰውዬው «ተሳክቷል» የሚለው ገጽ ላይ በመድረሱ ብቻ ትዕዛዙን ሊያጸድቅ ይችላል። ያን አድራሻ በእጁ የጻፈ ሁሉ ኬክ በነፃ ይወስዳል። በየሱቁ በሐሰተኛ የቴሌብር ስክሪንሾት የሚደረገው ማጭበርበር ማለት ነው፤ እዚህ ስክሪንሾት ማዘጋጀት እንኳ አያስፈልግም።

ትልልቆቹም ቤት ይህ ደርሷል። እ.ኤ.አ በ2025 አንድ ተመራማሪ በላቨብል የተሰሩ 1,645 አፖችን ፈትሾ 170ው የተጠቃሚዎቻቸውን መረጃ ለማንም ክፍት አድርገው አገኛቸው። ግቢው በር ላይ ጥበቃ ቆሟል፤ ውስጥ ያሉት ቤቶች ግን አልተቆለፉም። ችግሩ ዳታቤዙ ላይ «ማን የማንን መረጃ ማየት ይችላል» የሚለው ደንብ በአግባቡ አለመጻፉ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የሪፕሊት ኤጀንት ጄሰን ሌምኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ስራ ላይ የነበረውን ዳታቤዝ አጠፋበት፤ ምንም እንዳይነካ በግልጽ ተነግሮት ሳለ።

እኛ ጋ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳያስፈልገው የፋይዳ ቁጥር ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃን ሕግ አድርጎታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃው ሲወጣ የሚጠየቀው ሰብሳቢው ነው። ኬክ ቤቱ «ልጁ ነው የሰራው» ይላል፣ ልጁ «ኤአይ ነው የጻፈው» ይላል፤ ስልክ ቁጥሯ የወጣባት ሴትዮ ግን ማታ ማታ ከማታውቀው ሰው ይደወልላታል።

ስለ ስልጠናውም ያለን ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። የ5 ሚሊዮኑ ኮርስ መሠረታዊ ነገር ያስተምራል፣ ነፃ ነው፣ መጥፎ አይደለም። ግን ኮድ መጻፍን ብቻ የሚያስመሰክር ወረቀት ገበያው ላይ ክብደቱ እየቀነሰ ነው። እ.ኤ.አ በነሐሴ 2025 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 25 የሆኑ የሶፍትዌር ሠራተኞች ቁጥር ከ2022 መጨረሻ ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። የእኛ ገበያ የአሜሪካን አይደለም፤ እዚህ ድረገጽ ኖሮት የማያውቅ ሱቅ ሞልቷል። ነገር ግን ሱቁ የሚፈልገው ሌላው የጻፈውን፣ ማሽንም ይሁን ሰው፣ አንብቦ «ይህ ጋ ቀዳዳ አለ» የሚል ልጅ ነው። ፈተናው ይህን ቢጠይቅ ደስ ይለናል።

ከዚያ በላይ የምንጠይቀው ብሔራዊ ባንክንና ባንኮችን ነው። በብር የሚሰራ ወጣት ለሶፍትዌር መሣሪያ ብቻ የሚውል በወር 20 ወይም 30 ዶላር፣ በፋይዳ መታወቂያው ተመዝግቦ፣ በባንክ ዋጋ ይክፈል። ያን ገንዘብ አሁንም እየከፈለ ነው እኮ። ለደላላ ነው የሚከፍለው።

እስከዚያው፣ ክፍያ የሚቀበል ገጽ ሰርታችሁ ካስረከባችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና አንድ ነገር ሞክሩ። አዲስ ትዕዛዝ ጀምሩ፣ ሳትከፍሉ የ«ክፍያዎ ተሳክቷል»ን አድራሻ በእጃችሁ ጻፉት። ትዕዛዙ ከጸደቀ ለባለቤቱ ነገ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ደውሉለት።