ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት እንድንጠየቅ የቀረበ አቤቱታ

ለከተማችን የመንገድ ሥራ ኃላፊዎች

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር የተያያዘው፣ በወንዙ ወዲህና ወዲያ ማዶ የምንኖር ነዋሪዎች፣ አቤቱታችንን በታላቅ ትሕትና እናቀርባለን። ድልድዩን አልተቃወምንም። ይሠራልን ብለን ለዓመታት ደጅ የጠናነው እኛው ነን። ዛሬ የምንሻገርበትን የባሕር ዛፍ ግንድ እንኳ ያጋደመው እድራችን ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ይወስደዋል። ያን ጊዜ አምቡላንስ ከማዶ ይቆማል፤ ምጥ የያዛትን ሴት ጎረምሶች በቃሬዛ ያሻግራሉ።

ቀያሾች የመጡት በጥር ነው። በጥር ይህን ወንዝ ሕፃናት ጫማቸውን ሳያወልቁ ይዘሉታል። ችካል ተክለው፣ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ፤ «ነሐሴ ላይ ውኃው እስከ የት ይደርሳል?» ብሎ አንድ ሽማግሌ የጠየቀ ግን የለም። ቢጠይቁ ኖሮ ከመታጠፊያው ያለችውን ዋርካ እናሳያቸው ነበር፤ ደለሉ ከሰው ወገብ በላይ ግንዷ ላይ ተለጥፎ ይታያል። በንድፉ ላይ ያየነው ሦስት የኮንክሪት ቱቦ ነው። ውኃ ብቻ ቢመጣ ያሳልፍ ይሆናል። የእኛ ወንዝ ግን ግንድ፣ ቋጥኝ፣ አንዳንዴም የሞተ ከብት ይዞ ይወርዳል። የቱቦው አፍ ከታፈነ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ቤታችን መግባቱ አይቀርም። ስሌቱን ለመሐንዲሶች እንተዋለን፤ ስሌቱ የሚነሣበትን የጎርፍ ልክ ግን በዓይናችን ያየነው እኛ ነን።

የእግረኛ መንገድም በንድፉ የለም። አብዛኞቻችን በእግር ተጓዦች ነን፤ በገበያ ቀን ደግሞ አህያውም ጋሪውም ባጃጁም አብሮ ይሻገራል። ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። የዓባይን ያህል ድልድይ አልጠየቅንም፤ ልጆቻችን ከሲኖትራክ ጋር ሳይጋፉ የሚያልፉበት ጠርዝ ይበቃናል።

ስብሰባ አልተጠራም አንልም። ተጠርቷል፤ በገበያ ቀን፣ ያውም ረፋድ ላይ፣ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ተብሎ። የመጣነው ጥቂቶች የስም መቆጣጠሪያ ላይ ፈረምን፣ ያለቀ ንድፍ አየን፣ ጥያቄ ስናነሣ «ተቀብለናል» ተባልን። በኋላ ያን ወረቀት «ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ አገኘነው። የፈረምነው ለመገኘታችን ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰባችንን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶናል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየትም እንዲካተት ያዛል። ጥናቱ ተሠርቶ ከሆነ እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ስለዚህ ከተቋራጩ ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት ንድፉ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተለጥፎ በአማርኛ እንዲብራራልን፤ መሐንዲሶቹ ከሽማግሌዎችና ውኃ ከሚቀዱ ሴቶች ጋር የወንዙን ዳር በእግር ሄደው እንዲያዩት፤ ውይይቱም በወዲህና በወዲያ ማዶ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን እንለምናለን። ያቀረብነው ሐሳብ ተቀባይነት ካጣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን። ተስማምተዋል የሚለው ቃለ ጉባኤም ይታረምልን።

እስከ ዛሬ አንድ ችካል አልነቀልንም፤ ወደፊትም አንነቅልም። መልስ ሳናገኝ ውሉ ከተፈረመ ግን ይህንኑ አቤቱታ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ለማቅረብ የወሰንን መሆናችንን በአክብሮት እናሳውቃለን።

የነዋሪዎቹ ተወካዮች