ወደ ተራዊህ በእግር

 

በረመዳን የመጀመሪያው ጁምዓ በኹጥባዬ ላይ፣ አቅም ያለን ሁሉ ወደ ተራዊህ በእግራችን እንሂድ ብዬ ተናገርኩ። ሶላቱ አልቆ ከመስጂዱ ስወጣ አንድ የሰፈራችን ወጣት ጫማዬን አንሥቶ አቀበለኝና፣ «ሼኻችን፣ ኹጥባዎ መልካም ነበር፤ ግን የእኔን እንጀራ ነካው» አለኝ። ልጁ ባጃጅ ነጂ ነው። ፈገግ ብሎ ነው ያለው፤ ነገሩ ግን የፈገግታ አልነበረም። ድሮ እዚህ ላሊበላ ቱሪስት እያስጎበኘ ይኖር ነበር። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ። እንግዳ ሲጠፋ ተበድሮ ባጃጅ ገዛ። ለእሱ የረመዳን ምሽት ዓመቱን ሙሉ የማያገኘው ገበያ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሆን መልስ አልነበረኝም። «አብሽር፣ እናወራለን» ብዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወደዚያ ኹጥባ ያደረሰኝን ልንገራችሁ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተዳፋት ይዛ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከእኔ ቤት እስከ መስጂድ ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ አቀበቱ ላይ ካረፍኩ ሃያ አምስት። ቢሆንም ላለፉት ሦስት ረመዳኖች ወደ ተራዊህ የሄድኩት በባጃጅ ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም። ሾርባው ተጠጥቶ፣ ሳምቡሳው ተበልቶ ሆድ ሲሞላ መነሣት ይከብዳል። ስልክ ይደወላል፣ ባጃጁ ደጅ ላይ ይቆማል። የዒሻ አዛን ሲወጣ የመስጂዱ በር ላይ ባጃጅ በባጃጅ ይሆናል። ጥሩምባው ሌላ፣ ጭሱ ሌላ። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ልጅ ጎትተው የሚገቡት በዚያ መሐል ነው። (በሱረቱ ሉቅማን አባት ልጁን በአካሄድህ መካከለኛ ሁን፣ ድምፅህንም ዝቅ አድርግ ብሎ ሲመክረው ከድምፆች ሁሉ አስቀያሚው የአህያ ነው ይለዋል፤ ማፈኛው የወለቀ ባጃጅ ሰምቼ ሙፈሲሮቹ በእኛ ዘመን ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብያለሁ።) ዓምና አንድ ምሽት አንድ ሕፃን ለጥቂት ከጎማ ሥር ተረፈ። ያን ሌሊት ቂርአቴ ሁለት ጊዜ ተሳሳተብኝ፤ ከኋላዬ የነበሩት ሓፊዞች አረሙኝ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ጎረቤቴ አሳፈሩኝ። ክርስቲያን ናቸው፣ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። ዘንድሮም እንደ ዓምናው የእነሱ ዐቢይ ጾምና የእኛ ረመዳን በአንድ ሰሞን ገጥሟል። እኛ ለሱሑር ስንነሣ እነሱ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ይዘው በጨለማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ። ለገና ደግሞ ስንቱ ገበሬ ከሩቅ ገጠር ቀናት በእግሩ ተጉዞ እዚህ እንደሚደርስ ላሊበላ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤቴ አንድ ማታ ከባጃጅ ስወርድ አይተውኝ፣ «ሼህ፣ እናንተም ለጸሎት በሞተር ጀመራችሁ?» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነው። ሳቅሁ፤ ግን ቀልዱ አብሮኝ ገባ።

ኢማም ሙስሊም ከዘገቧቸው ሐዲሶች አንዱን ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ.) ያወሩታል። በመዲና አንድ ሰው ነበር፤ ከእሱ ቤት ይልቅ ከመስጂድ የራቀ ቤት አልነበረም፣ አንዲትም ሶላት ግን አታመልጠውም። በጨለማና በሐሩር የምትጋልበው አህያ ብትገዛ ምን አለ አሉት። ሰውየው ቤቴ ከመስጂዱ ጎን ቢሆን ደስ አይለኝም፤ መሄዴም መመለሴም እንዲጻፍልኝ ነው የምፈልገው አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ያን ሁሉ እንደሰበሰበለት ነገሩት። የበኒ ሰሊማ ጎሣ ሰዎችም ቤታቸው ስለራቀ ወደ መስጂዱ ጠጋ ብለው ሊሰፍሩ ሲያስቡ፣ ዱካችሁ ይጻፋልና ባላችሁበት እርጉ ተባሉ። በሱረቱ ያሲን አንቀጽ 12 ላይ አላህ የሚጽፈው ተብሎ የተነገረው «ኣሣር» በዐረብኛ ዱካ ማለት ነው፤ ሰው ትቶት የሚያልፈው መልካምና ክፉ ሥራ ሁሉ ነው የሚሉ ሙፈሲሮች አሉ፣ ወደ መስጂድ የተረገጠው እርምጃ ነው ያሉም አሉ። እኔ ይህን ለደረሶች ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ። አስተምሬም በባጃጅ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ።

መጓጓዣ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳይጠቅሰኝ። በሱረቱ ነሕል ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ልንጋልባቸው የተሰጡን ጸጋ መሆናቸው ተነግሮ፣ አላህ እናንተ የማታውቁትንም ይፈጥራል ተብሏል። ዑለማዎች መኪናውንም አውሮፕላኑንም ከዚያ ውስጥ ይቆጥሩታል። ነቢዩም ወደ ቁባእ መስጂድ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ በእግር፣ አንዳንዴ እየጋለቡ ይሄዱ ነበር። ጸጋ ግን ያለ ቦታው ሲገባ ብክነት ይሆናል። ውዱእ ላይ ውሃ አታባክኑ እያልን እናስተምራለን፤ ነቢዩ ለውዱእ የበቃቸው አንድ ሙድ፣ አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ ውሃ ነበር። ውሃው ብክነት ካለው ቤንዚኑ እንዴት አይኖረውም?

ሒሳቡን እንይ። እኔ በሰው 20 ብር ነው የምከፍለው። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ሲጨመሩ በአንድ ምሽት ደርሶ መልስ 160 ብር ይሆናል። በ29 ሌሊት 4,640 ብር። ይህ ለሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ቤንዚኑ በሙሉ ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው በየጊዜው እየተነሣለት ዋጋው ወዴት እንደሄደ ባለ ባጃጆቹን ጠይቁ። እነሱም ሁልጊዜ ከማደያ አያገኙትም፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከየመንገዱ ዳር ይገዙታል።

ስለ አየር ንብረቱ የተማሩ ልጆች ሲነግሩኝ እሰማለሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ከ2 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ዓለምን ካሞቀው ጭስ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የ1977ቱን ድርቅ በላስታ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ እዚህ አንድ ባጃጅ አልነበረም። ዛሬም በልግ የሚጠብቀው የደጋ ገበሬ ዝናቡ ሲቀርበት ጥፋቱ የላሊበላ ባጃጅ ነው ብል ራሴም አላምነውም። ነሐሴ 2007 ላይ ከብዙ አገር የመጡ የሙስሊም ሊቃውንት ኢስታንቡል ተሰብስበው ስለ አየር ንብረት ለውጥ መግለጫ አውጥተዋል። ለሀብታሞቹ አገሮችና ለነዳጅ አምራቾቹ የተናገሩት ቃል ተገቢ ነበር። ለእኛ ሰፈር ግን ጉዳዩ ቀረብ ያለ ነው፤ በመስጂዱ በር የሚተነፈሰው አየር፣ ከጎማ ሥር የተረፈው ሕፃን፣ ከኪስ የሚወጣው ብር፣ የሚቀርብን አጅር። ይህ በእጃችን ያለ ነው።

እግራችንም እንዲህ አልነበረም። በ1979 ደረሳ ሳለሁ ከላስታ ተነሥቼ እስከ የጁ፣ ዳና ድረስ በእግሬ ወርጃለሁ። አራት ቀን ነው። ስንቄ በሶ፣ ዕቃዬ ሉሕና አንድ ጋቢ። ወሎ ውስጥ ዒልም የሚፈለገው በእግር ነበር፤ ነሕው እዚህ ሼኽ ዘንድ፣ ፊቅህ እዚያ እየተባለ ደረሳ ከአገር አገር ይዞራል። የኢብን ማሊክን አልፊያ ብዙውን የያዝኩት ተቀምጬ ሳይሆን እየተራመድኩ ነው። ዛሬ ልጄን ሱቅ ስልከው «ባባ፣ የባጃጅ ስጠኝ» ይለኛል። ማን አስተማረው? እኔው ነኝ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ፣ ይህ የገጠር ሼኽ ወሬ ነው እንዳትሉኝ። ዓምና በረመዳን ልጄን ልጠይቅ መጥቼ ነበር። መግሪብ ሊደርስ ሲል የነበረውን መንገድ አየሁት። ሁሉም ቤቱ ሊያፈጥር ይጣደፋል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። አዛኑ ወጣ፤ አማቼ መሪ ይዞ በተምር አፈጠረ። ጎናችን ያለው ሾፌር ተምር የለውም ነበርና በመስኮት አቀበልነው። ደስ ይላል፤ ግን የዚያ ሁሉ መኪና ጭስ መሐል ነው የምናፈጥረው። ማታ ተራዊህ ስንሄድ ደግሞ መስጂዱ ከቤታቸው እንደምናየው ቅርብ ነው፤ በመኪና ሄድን። ማቆሚያ ፍለጋ የዞርነው በእግር ከምንደርስበት በለጠ፤ ሁለት ረከዓ አመለጠን።

እዚያ ከተማ በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ይከፈቱ ጀምሮ ነበር። በ2016 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ የእኛ አገር መብራት አብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ስለሆነ ይህ መልካም ነው። መጨናነቁን ግን አያስቀረውም፤ የሚገጨውም ሰው ያው ነው። በከተማው በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። አሁን በየጎዳናው ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል። እናንተ መስጂዳችሁ ለሰፈራችሁ የቀረበ ከሆነ፣ መኪናውን ለአንድ ወር ማታ ማታ አሳርፉት።

ወደ ባጃጁ ልጅ ልመለስ። በአራተኛው ሌሊት ከተራዊህ በኋላ ከመስጂዱ ኮሚቴ ጋር አስቀመጥነው። ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ጠየቅነው። ከዒሻ በፊት አምስት ስድስት፣ ሰው ሲወጣ እንዲሁ። «ታዲያ አንተ ተራዊህ የምትሰግደው መቼ ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሼኻችን፣ ባጃጅ ከገዛሁ ወዲህ በጀማዓ ሰግጄ አላውቅም። እናንተ ስትሰግዱ እኔ ውጭ ለመመለሻው ወረፋ እይዛለሁ» አለ። ሦስት ረመዳን ሙሉ በዚህ ልጅ ባጃጅ ወደ ሶላት ስሄድ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ከኮሚቴው አንዱ ዕዳ ካለበት ከዘካ እንርዳው አሉ። ዕዳ የከበደው ሰው በሱረቱ ተውባ ከተቆጠሩት ስምንቱ የዘካ ባለመብቶች አንዱ ነውና ሐሳቡ ስሕተት የለበትም። ልጁ ግን፣ «እኔ ሠርቼ የምበላ ነኝ» አለ። ልክ ነው። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። መራመድ የምንችል የምንተወውን የባጃጅ ሒሳብ፣ ሁሉንም ባይሆን ገሚሱን፣ በር ላይ ባለ ሣጥን እንከታለን። ሶደቃ ነው፣ ዘካ አይደለም፤ አላቀላቀልነውም። እሱና ሁለት ጓደኞቹ ከዒሻ በፊት ሁለት ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ የሚጭኑት አሮጊቶችን፣ ሽማግሌዎችን፣ በሽተኞችን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አራስ ልጅ ያላቸውን ነው፤ እነዚህ አይከፍሉም። ድሮ ብር ስለሌላቸው ቤት የሚቀሩ እናቶች ነበሩና። የሚያወርዱትም ከበሩ ራቅ ብለው ነው። ከዚያ ባጃጁን አቁመው ገብተው ይሰግዳሉ፤ ስምንት ረከዓም ይሁን ሃያ፣ አቅማቸው።

የሚራመደው ሰው በየሰፈሩ ተሰባስቦ፣ ባትሪ ይዞ ይወጣል። ሴቶችና ልጆች ብቻቸውን አይሄዱም፤ መብራት የሚጠፋበት ሌሊት አለ፣ ውሻ አለ። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ይሰግዳል፤ ነፍስ መጠበቅ ይቀድማል። በጨለማ ወደ መስጂድ ለሚሄዱ በቂያማ ቀን ምሉዕ ብርሃን እንደሚጠብቃቸው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ባለቤቴ ይህን ሐዲስ ነግሬያት፣ «እስከዚያው የባትሪ ድንጋይ ግዛ» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሣጥን ትናንት ከፈትነው። ለሦስቱ ልጆች ቃል ከገባነው 600 ብር ጎደለ። በእግራቸው እየሄዱ ሣጥኑን የሚያልፉ አሉ፤ ጭራሽ መራመድ ያልጀመሩም አሉ፣ አንዳንዶቹ ከእኔ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው። የጎደለውን እኔና ሁለት የኮሚቴ አባላት ሞላነው፤ በየሳምንቱ ግን አንችልም። ልጁ ከበፊቱ ገቢው መቀነሱን አልደበቀም። ትናንት ማታ ከሦስተኛው ሰፍ ሲሰግድ አይቼዋለሁ። እስከ አሥራ አምስተኛው ሌሊት እሞክረዋለሁ፣ ካልሆነ ወደ ድሮው እመለሳለሁ ብሎኛል። ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ነው።