«ይውረድ!» ብቻውን አያሸንፍም

ቅዳሜ ከአምቦ ተነሥቶ በጊንጪ በኩል ወደ አዲስ ዓለም በሚያልፈው ሚኒባስ የተሳፈረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መኪናው ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ የኳስ ክርክር ይጀመራል። ጊንጪ ሲደረስ ክርክሩ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ቢሮ ይገባል፤ አዲስ ዓለም ሲደረስ ደግሞ ፍርዱ ተሰጥቶ ያልቃል። ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይውረድ! አሠልጣኙ ይውረድ፤ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ይውረድ፤ የክለቡ ቦርድ በሙሉ ይውረድ። እኛም ከተሳፋሪዎቹ መካከል ነን፤ እኛም ጮኸናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው ወቀሳ ከራሳችን የሚጀምር መሆኑን አንባብያን ይወቁልን።

በመኝታ ክፍሎቻችንና በምግብ አዳራሹ የሚካሄደው ክርክር በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ቡድን በተሸነፈ ቁጥር የበላዮቹ ሁሉ ተጠራርገው እንዲወጡ ይፈልጋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ለመሪ ጊዜ ስጡት፤ ዛሬ የተተከለ ነገ አያፈራም» እያለ ያረጋጋል። ሁለቱም ግን የሚከራከሩት ስለ ሰው ብቻ ነው፤ ሰውየው ይቆይ ወይስ ይሂድ? ሰውየው ስለሚቀመጥበት ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ስላለው መዝገብ፣ መዝገቡንም ማን ከፍቶ እንደሚያነበው የሚጠይቅ ከሁለቱም ወገን አልሰማንም። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ያለ መዝገብና ያለ ደንብ የሚደረግ ሹም ሽር «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ከማረጋገጥ በቀር ፍሬ የለውም።

ማስረጃ አምጡ ለሚለን ሩቅ አንሄድም። 2005 ዓ.ም. እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የነበርንበት፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቡድኑ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ፤ ሕዝቡም «አለፍን!» ብሎ ጨፈረ። ደስታው ሳይበርድ ከፊፋ የመጣው ወሬ ምን ነበር? በቦትስዋናው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል የሚል ነበር። ድሉ ተሽሮ የ3 ለ 0 ሽንፈት ሆኖ ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብም ሄደ። ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካን ቡድን 2 ለ 1 አሸንፎ ባያመልጥ ኖሮ፣ ከናይጄሪያ ጋር የተደረገውን የመጨረሻውን የማጣሪያ ጨዋታ እንኳ ባላየነው ነበር።

እስቲ በእርጋታ እናስብ። ያን ነጥብ ያሳጣን የአጥቂ ድክመት ነውን? የአሠልጣኝ ስልት ጉድለት ነውን? የተፈለገው ሥራ እስከ ሁለት መቁጠር ነበር። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ የያዘ ጸሐፊ፣ ሥራውንም የሚመረምርለት ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ይበቃ ነበር። ላብ ያፈሰሱት ልጆች በሜዳ ያገኙትን በወረቀት አጡት።

ከዚያስ በኋላ ምን ተደረገ? ሰው ተለወጠ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ። በየካቲት ወር፣ ቡድኑ በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁን አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ዓመት ያህል ቆይተው ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ፤ ገብረ መድኅን ኃይሌ ቀጠሉ፤ አሸናፊ በቀለ መጡ፤ አብርሃም መብራቱ ተከተሉ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ውበቱ አባተ ተሾሙ። በየመካከሉ «አሁንስ ሰውየውን አገኘነው» ያልን እኛው ነን፤ «ይሄማ ይውረድ» ያልንም እኛው ነን። በ2015፣ በ2017ና በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረጉት ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች ግን ያለ እኛ አለፉ። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ብቁው ማን እንደ ነበረ ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ሁሉም በተራቸው የተቀመጡበት ወንበር ያው አሮጌው እንደ ነበረ ግን እናያለን።

ጎበዝ አሠልጣኝ ሲገኝስ? ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን ሰባት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን የበላችውን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ያ ጨዋታ በሜዳችን እንደ ተደረገ ሆኖ ተመዝግቧል። «ሜዳችን» ግን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ከዚያም ቀደም ብሎ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን እንደ ባለቤት ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፤ በአገራችን ካፍ የሚፈቅደው ስታዲየም አልነበረምና። ግብፅን ያህል ቡድን ስንረታ ድላችንን ያየ የአዲስ አበባም ሆነ የአምቦ ሕዝብ በሜዳው አልነበረም። የመልበሻ ክፍልን፣ የመብራትንና የመቀመጫን መለኪያ ከዓመታት በፊት አንብቦ፣ ወጪውን አስልቶ ሥራውን መጀመር የነበረበት አሠልጣኙ አልነበረም። ይህን የሚያደርገው ቢሮ ነው። ቢሮው ደግሞ «ይውረድ» በተባለ ቁጥር እንደ ገና ከአንድ የሚጀምር ከሆነ፣ ዐሥር ዓመት የሚፈጅ ሥራ መቼ ይጠናቀቃል?

«እንግዲያው ለሹማምንቱ ጠበቃ ቆማችኋል» የሚለን አይጠፋም። አልቆምንም። ያጠፋ መጠየቅ አለበት፤ ከሥራው መነሣት የሚገባውም ይነሣ። ነገር ግን አነሣሡ ራሱ ደንብ አለው። በ2000 ዓ.ም. የሆነውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንቱን ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስን ሻረ፤ ፊፋ ሽረቱን አልተቀበለም፤ ችግሩን ለመፍታት የተደረሰበትም ስምምነት አልተፈጸመም ብሎ በሐምሌ ወር ፌዴሬሽኑን አገደ። በመስከረም 2001 ዓ.ም. ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታንያ ጋር ተመድቦ ይጫወት የነበረው ቡድናችን ከ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወጣ፤ የተጫወታቸው ጨዋታዎች ሁሉ ተሰረዙ። ማን እውነት ነበረው፣ ማን ተበደለ የሚለው ክርክር ዛሬም ሊቀጥል ይችላል። የተቀጣው ግን ከሁለቱም ወገን ያልነበረው ተጫዋችና ከሁሉም በላይ ደግሞ ደጋፊው ነው። «ይውረድ» የሚለው ጩኸት እንዴት ይውረድ የሚለውን ካላስከተለ ወራጁ ሁላችንንም ይዞ ይወርዳል።

ነገሩ በላይ ብቻ ያለ እንዳይመስለን። ከከተሞቻችን በአንዱ፣ ስሙን አንጠራም፣ የኳስ ቡድኑ ኮሚቴ በጩኸት ተለወጠ። አዲሶቹ በጭብጨባ ገቡ። በመጀመሪያው የውድድር ቀን የተጫዋቾቹ መታወቂያ ያለበት ሣጥን ቁልፍ አሮጌው ጸሐፊ ዘንድ መቅረቱ ታወቀ፤ እሳቸውም ተቀይመው አዲስ አበባ ወርደዋል። ቡድናችን ማሊያውን ለብሶ፣ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ሳይጫወት በፎርፌ ተሸነፈ። በዚያ ቀን ከመካከላችን ስለ ርክክብ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። «አዲሱም ኮሚቴ ይውረድ!» እያልን ወደ ቤታችን ተመለስን።

አዲስ ዓለም የተወለድን ሁላችን አንድ ታሪክ እያየን አድገናል። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ እያለቀ ስለ ሄደ መናገሻቸውን ወደ እኛ ከተማ ለማዛወር አሰቡ፤ የከተማዋን ስም «አዲስ ዓለም» አሉት፤ የቤተ መንግሥቱም ሥራ ተጀመረ። ነገር ግን መናገሻው ሳይመጣ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ካዳኗት ነገሮች ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነው። መናገሻውን ቢያዛውሩት ኖሮ የአዲስ ዓለምም ዛፍ በተራው አልቆ ሌላ አዲስ ዓለም መፈለግ በመጣ ነበር፤ ዛፍ ሲተከል ግን የመዛወሩ ምክንያት ራሱ ጠፋ። እኛ የአዲስ ዓለም ልጆች በዚህ ነገር ከተማችን ብትጎዳም ትምህርቱን ልንረሳ አይገባንም። የእግር ኳሳችን ችግር ወንበር በማዛወር አይፈታም፤ መትከል ያስፈልጋል።

የሚተከለው ምንድን ነው? ይድነቃቸው ተሰማን እናስታውስ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ቡድናችን በአዲስ አበባ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ ከአሠልጣኞቹ አንዱ የነበሩ፣ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ካፍን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው። ማሊያና ፋይል የማይጣሉ መሆናቸውን ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። እኛ ግን የማሊያውን ታሪክ በዘፈን እናወሳለን፤ የፋይሉን ረስተነዋል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ በፌዴሬሽንም ሆነ በክለብ ሥልጣን የሚለቅ ሁሉ መዝገቡን፣ ሒሳቡንና ጅምር ሥራውን በጽሑፍ ያስረክብ፤ ርክክቡም ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፣ አሠልጣኝ ሲቀጠር ምን እንደሚጠበቅበትና በስንት ጊዜ እንደሚመዘን አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሲሰናበትም በዚያው መለኪያ ይሁን። ሦስተኛ፣ ደጋፊ የሚጮኽ ብቻ ሳይሆን ድምፅ የሚሰጥ አባል ይሁን። በፕሪሚየር ሊጉ ያሉ ብዙዎቹ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ስለዚህ ክለቡ በእርግጥ ተጠሪነቱ ለበጀት ሰጪው ነው፣ ለእኛ አይደለም። የባርሴሎና አባላት ፕሬዚዳንታቸውን በድምፃቸው ይመርጣሉ፤ በጀርመን ሊግም ከድምፁ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአባላት እጅ እንዲቆይ ደንብ አለ። እኛ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ቦርድ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር እናድራለን፤ የሠፈራችን ቡድን የሒሳብ ሹም ማን እንደ ሆነ ግን አናውቅም። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

«ማን መዝገቡን ያሳያችኋል?» ይሉናል አንዳንድ ወንድሞቻችን። ማንም በፈቃዱ ላያሳየን ይችላል፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የቀረ ሰው «ከለከለ» ሊባል አይችልም። እስከ ዛሬ የጠየቅነው ራስ እንጂ ደብተር አልነበረም። ከመምህራኖቻችን መካከል ደግሞ «ኳስ የሥራ ፈት ጉዳይ ነው፤ ለተማሪ አይገባም» የሚሉ አሉ። በአክብሮት የምንመልሰው፣ አንድ ሕዝብ ሹሙን እንዴት እንደሚጠይቅ የሚማረው ዘጠና ደቂቃ ከልቡ በሚቆረቆርለት ነገር ላይ ጭምር ነው ብለን ነው። በኳስ ሜዳ «ይውረድ» ከማለት ሌላ የማያውቅ ተማሪ፣ ነገ በቀበሌውም ሆነ በመሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ያንኑ ነው።

በመጨረሻም ድንጋዩን ወደ ሰው ከመወርወራችን በፊት ወደ ገዛ ቤታችን እንመልከት። የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ በየዓመቱ ይለወጣል። ስንት ኳስ እንዳለ፣ ስንት ማሊያ እንደ ጠፋ፣ ባለፈው ዓመት የተዋጣው ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ የሚናገር ደብተር የት አለ? በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እኛ ይህን ጽሑፍ የጻፍን ተማሪዎች ማንም ይውረድ ብለን አንጮኽም። እጃችንን አውጥተን ደብተሩ ይቅረብ እንላለን። ከቀረበ በጋራ እናነበዋለን፤ ካልቀረበም በዚያው ቀን አዲስ ደብተር ገዝተን የመጀመሪያውን መስመር እንጽፍበታለን። ከዚያ በኋላ ማን መውረድ እንዳለበት ደብተሩ ራሱ ይነግረናል።