ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

መርካቶ ገብቶ ይህን ጥያቄ ያልሰማ ማን አለ? እኔም ባለፈው ሰሞን የበር ቁልፍ ልገዛ ገብቼ ሰማሁት። ያለ ደረሰኝ ይረክሳል፣ በደረሰኝ ይወደዳል። ለመሆኑ ኑሮ እንዲህ ጣራ ነክቶ፣ ለመንግሥት ሲል 15 በመቶ ጨምሮ የሚገዛ ስንት ሰው ይገኛል?

የባለሥልጣናቱ መልስ የታወቀ ነው፤ ነጋዴው አጭበርባሪ ነው! አጭበርባሪ የለም አልልም። ከደንበኛው የተቀበለውን ቫት ኪሱ ከትቶ ዝም የሚል ሞልቷል። ያ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ይጠየቅበት። ሕጋዊ ሆኜ ልሥራ ያለውን ነጋዴ ደንቡ ራሱ ሲገፋውስ ማን ይጠየቅ?

የሽያጭ ታክስ ቀርቶ ቫት ሥራ ላይ የዋለው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 285 ያስቀመጠው መርሕ፣ ታክሱ የሚታሰበው ገና ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው የሚል ነው። ሻጩ ገንዘቡን ተቀበለ አልተቀበለ፣ በሚቀጥለው ወር ውስጥ አስታውቆ ይከፍላል።

እስቲ እናስላው። አንድ ነጋዴ በ800 ሺህ ብር የገዛውን ዕቃ በ1 ሚሊዮን ብር ለአንድ ድርጅት በዱቤ ሸጠ። ሲገዛ 120 ሺህ ብር ቫት ከፍሏል፤ ሲሸጥ የሚፈለግበት 150 ሺህ ነው። ልዩነቱን 30 ሺህ ብር ለገቢዎች ይከፍላል። ድርጅቱ ግን «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» እያለ አራት ወር ያመላልሰዋል። 150 ሺው ብር ከነጋዴው ኪስ ወጥቷል፣ የገባለት ግን ሰባራ ሳንቲም የለም! ዕቃውን ያለ ደረሰኝ ገዝቶት ከሆነማ ጉድ ፈላ፤ የሚያቀናንሰው ስለሌለ 150 ሺውን በሙሉ ለገቢዎች ይቆጥራል። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ካልሆነ ምን ይባላል?

መንግሥትም ቢሆን አልተጠቀመም። የዛሬን ሰበሰበ እንጂ የነጋዴውን መሥሪያ ገንዘብ አደረቀ። የነጠፈች ላም ደግሞ አትታለብም። ነጋዴው በሚቀጥለው ጊዜ «ያለ ደረሰኝ ይሻላል» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የቫቱ ሰንሰለት ተበጠሰ። በኅዳር 2017 በደረሰኝ ቁጥጥር ሰበብ የመርካቶ ሱቆች ሲዘጉ ያየነው የዚህን በሽታ ምልክት ነው። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ዕቃ ያለ ደረሰኝ የመጣ ነው። ታዲያ አስመጪውንና ጅምላ አከፋፋዩን አልፎ ችርቻሮ ሱቅ በር ላይ መቆም ምን ይሉታል?

በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1341 የቫት ምዝገባ ጣራውን 2 ሚሊዮን ብር ማድረጉ ደግ ነው። ከጣራው በላይ ሆኖ በዱቤ የሚሸጠውን ግን ጣራ ብቻውን አያድነውም።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። መካከለኛው ነጋዴ ታክሱን ገንዘቡን በተቀበለ ጊዜ ይክፈል። እንግሊዞች ለአነስተኛ ነጋዴዎች ይህን ከፈቀዱ ቆይተዋል። «ታዲያ ተከፍሎትም አልተከፈለኝም ቢል?» ለሚል ጠያቂ መልስ አለ፤ ገዢውም ሂሳቡን ሳይዘጋ ቫቱን አያቀናንስ። ያን ጊዜ ገዢው ራሱ ለመክፈል ይቸኩላል፣ የከፈለበትንም ማስረጃ ይዞ ይመጣል። ተቆጣጣሪ ሳይቀጠር አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል።

ግብር ይከፈል! ግን መጀመሪያ ላሚቱ ትዋል፣ ኩበቱ ከዚያ ይለቀማል።