ልጅ ይዞ ኳስ ሜዳ

የሰፈር ጎረምሶች ኳስ ሲጫወቱ ልጅ «አባዬ ውሰደኝ» ይላል። ይዛችሁት ሂዱ። ግን እጁን ያዙ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት አዲስ ቅዳምን አቋርጦ ያልፋል። ልጅ ኳስ ካየ መኪና አያይም።

ከጎል ጀርባ አትቁሙ። የጎረምሳ ምት ሕፃን ይጥላል። ከመሥመሩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አገሩ ደጋ ነው፤ ጋቢ ደርቡለት።

ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው። ለትንሽ ልጅ ይረዝማል። በ45ኛው ደቂቃ ዕረፍት አለ። ያን ጊዜ አጫውቱት፦ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ልጁ ካንቀላፋ ግን ወደ ቤት ተመለሱ። አባት መሄድ አይወድም እንጂ!

ዳኛውንም አትስደቡ። ልጁ ጎሉን ይረሳል፤ ስድቡን ግን ማታ ለእናቱ ይደግምላታል።