የሐራጅ ወሬ በጓዳ ይያዛል እንዴ?

መካነ ሰላም ላይ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው ደላላ ነው፤ ቀጥሎ ሽማግሌ፡፡ ውል ይጻፋል፣ ምስክር ይፈርማል፣ ብር ይቆጠራል፡፡ ለመሆኑ ቤቱ በባንክ የተያዘ ቢሆንስ? ክፍያው ተቋርጦ ባንኩ ለሐራጅ ሊያወጣው እየተሰናዳ ቢሆንስ? ይህን የሚያውቁት ባንኩና ባለዕዳው ናቸው፤ ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም!

ሕጉ ጉዳዩን ዘንግቶት አይደለም፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3052 የመያዣ ውል የሚጸናው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው ይላል፡፡ ዞር ብሎ ደግሞ በአንቀጽ 3363 ያንኑ የመዝገብ ሥርዓት በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አዘገየው፡፡ ምዝገባው በልማድ በየማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ውስጥ ቀረ፡፡ የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ የዓመቱን ብዛት አንባቢ ይቁጠረው፡፡

በመሀል በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 97 መጣ፡፡ ባለዕዳው በወቅቱ ካልከፈለና ውሉ ከፈቀደለት፣ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ይሸጣል፡፡ ባንክ የያዘው የሰው ገንዘብ ነውና ብድሩን ያስመልስ፤ በዚህ ጠብ የለንም፡፡ ጠባችን ያቺ ደብዳቤ ለባለዕዳው ብቻ መጻፏ ላይ ነው፡፡ በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ያለ ፍርድ ቤት ለሚሸጥ ቤት እንኳ አበዳሪው ማስጠንቀቂያውን አስቀድሞ በአካባቢው መንግሥት መዝገብ ያስገባል፤ የፈለገ ሁሉ ያየዋል፡፡ እኛ ዘንድ ግን ጉዳዩ አደባባይ የሚወጣው አዲስ ዘመን ወይም በኩር ላይ ሐራጁ ሲታተም ነው፡፡ የተበዳሪና የአስያዥ ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ መነሻ ዋጋ፣ ሲፒኦ... ሁሉም አለ፡፡ ማን ያነበዋል? ደሴና አዲስ አበባ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያገላብጠው ነዋ! ተጫራች ሲያንስ ዋጋው ይወርዳል፤ ከዕዳ ተርፎ ለባለቤቱ የሚመለሰውም እንደዚያው፡፡

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ጦርነት ተነስቶ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው፡፡ ሱቁን ዘግቶ ለከረመ ነጋዴ 30 ቀን ምኑ ነው? ጎረቤትና ዘመድ በጊዜ ቢሰሙ ግን ወይ ያበድሩታል፣ ወይ በደህና ዋጋ ይገዙታል፡፡

እስከዚያው ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ይሂድ፤ ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ ስለመሆኑ በጽሑፍ ያስመልስ፡፡ «ባለካርታው ካልመጣ አናሳይም» ካሉት ደግሞ የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 590 አለ፤ የሚከለከለውን ለይቶ፣ በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ ማንም ሰው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፡፡ የመንደር ውል ይዞ ከተመዘገበ መያዣ ጋር መሟገት ትርፉ ድካም ነው፡፡

ገጠሩም እየመጣ ነው፡፡ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252 በ2009 ዓ.ም. ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል፡፡ የወግዲና የከላላ ገበሬ ዕዳው ሲከብደው፣ ማስታወቂያው የሚለጠፈው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነው ወይስ ባሕር ዳር በሚታተም ጋዜጣ ላይ? ባንኮቹና የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይህን ከወዲሁ ይንገሩን፡፡