«እሺ» ማለት ገብቶኛል ማለት አይደለም

ባለፈው ሴሚስተር በሆስፒታል ልምምድ ላይ ሳለሁ አንዲት እናት የደረት ራጅ ሊነሱ መጡ። ስማቸውን ከማዘዣው ላይ ሳየው የአገሬ ሰው መሆናቸውን አወቅኩ፤ ግን ተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ባለሙያው በእንግሊዝኛ አየር ስበው እንዲይዙ ነገራቸው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «እሺ» አሉ። ምስሉ ሲታይ ሳንባቸው በደንብ አልተሞላም፤ መደገም ነበረበት። ያኔ አስፈቅጄ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ሁለተኛው ጥሩ ሆኖ ወጣ። ሲሄዱ እጄን ይዘው «ልጄ፣ አማርኛ ትችዪ ኖሯል! ምነው ቀድሞ ዝም አልሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እኛ የራጅ ተማሪዎች ለፈተና ብዙ ቁጥር እንሸመድዳለን። ለደረት ራጅ ቱቦው 180 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ኪሎቮልቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 125 ነው፤ ታካሚው አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ወደ ፊት ያደርጋል። ትንፋሹ ካልተያዘ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ብዙም አይጠቅምም። ሳንባ በደንብ ካልተሞላ ልብ ከመጠኑ በላይ ትልቅ ይመስላል፤ የሳንባው ግርጌም ተጨናንቆ በሽታ ያለ ሊያስመስል ይችላል። ከድያፍራም በላይ 10 የኋላ ጎድን አጥንቶችን የምንቆጥረው ለዚህ ነው። ምስሉ ሲደገም ደግሞ ታካሚው ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም፣ ባለመግባባት የመጣ ድጋሚ ማስቀረት የምንችለው ነገር ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ታካሚን ማነጋገር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቴክኒኩ አንድ ክፍል ነው፤ እንደ አቋቋሙና እንደ ኪሎቮልቱ ልንለማመደው ይገባል።

አማርኛ መቻልም ብቻውን አይበቃም። ቤት ውስጥ እናቴን «በረጅሙ ይተንፍሱ» ብላት አየሩን አስወጣችው! በአማርኛ «መተንፈስ» ማስወጣትም ነውና። «አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ አሁን ያዙት፤ አይልቀቁት» ስላት ግን ወዲያው ገባት። ማተብም አለ። ክሩ ላይ የብረት መስቀል ካለ ምስሉ ላይ ይወጣል። «ያውልቁ» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ ምክንያቱን አስረድቶ ከምስሉ ክልል እንዲርቅ ማስፈቀድ ይሻላል።

«ተማሪ አስተርጓሚ አይደለም» የሚሉ ይኖራሉ። ልክ ናቸው። እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ስለ እርግዝና፣ ስለ ሕመም ታሪክና ስለ ፈቃድ የሚጠየቀው በእሱ በኩል ነው። ችግሩ፣ ጥያቄው አልቆ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ያዙት» የምንልበት ቅጽበት መምጣቱ ነው። ተማሪ ቢያንስ አስተማሪውን «አስተርጓሚው ትንሽ ይቆይልን» ማለት ይችላል። ጨረሩ ከመለቀቁ በፊትም ታካሚው ትንፋሹን አንድ ጊዜ ስቦ ይዞ እንዲያሳየን መጠየቅ ይቻላል። ይህ በምልክትም ይሆናል፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የጤና ተማሪዎቻችን ተሰባስበው አሥር ያህል አጫጭር መመሪያዎችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ያዘጋጁ፤ ብቁ አስተርጓሚ ያርመው፤ ከዚያ የልምምድ ኃላፊዎቻችንን አስፈቅደን እንጠቀምበት። በሙያው የቆያችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም የትኛው አነጋገር እንደሚሠራ ንገሩን።

ወላጆቻችን ባለሙያን አክብረው፣ ባይገባቸውም «እሺ» ይላሉ። እኛ ይህን እያወቅን ጥግ ይዘን መቆም የለብንም።